የእትዬ ለተብርሃን ምትክ

ኢኮኖሚክስ ክፉ ትምህርት ነው። ሁለት ዓመት የተማራችሁት እንደሆነ፣ ሰው ሲያዛጋ እንኳ ጥቅሙን አስልቶ የሚያዛጋ ይመስላችኋል። ከራሴ አይቼ ነው የምላችሁ፤ እዚህ ሮም ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ጥቂት ግራፍ ማንበብ እንደጀመርኩ፣ ማንም ሳይጠራኝ የሐበሻው ሁሉ አማካሪ ሆኜ ቁጭ አልኩ። ምን ላድርግ፣ እውቀት አላስቀምጥ አለኛ!

እትዬ ለተብርሃን ባዳንቴ ናቸው፤ አንዲት አልጋ የያዘች ጣልያናዊት ሲኞራ ይንከባከባሉ። እዚያው አዳሪ ስለሆኑ የሚወጡት ሐሙስ ከሰዓትና እሁድ ብቻ ነው። ዘንድሮ ጉልበታቸውን ኦፕራሲዮን ሊደረጉ ሆነና ለአንድ ወር ምትክ አስፈለጋቸው። በሐበሻ ባዳንቴዎች ዘንድ የቆየ ልማድ ነው፦ አንዷ ስትታመም ሌላዋ ትገባላታለች፣ ስትድን ትለቅላታለች። ውል የለ፣ ፊርማ የለ። ሥራው ከሄደ ደግሞ ፔርሜሷቸው፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸው፣ የሚታደስበት የሥራ ኮንትራቶም አብሮ ሄደ ማለት ነው።

ሐሙስ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ አንድ ባር ተቀምጠን ምክሬን ለገስኩ።

«እትዬ፣ ደከም ያለች ሴት ያስገቡ። ሙያ የሌላት፣ ጣልያንኛዋ የተሰባበረ። ያን ጊዜ ቤተሰቡ እርስዎን ይናፍቃል።»

«አሎራ፣ ታዲያ ይህን ነው የሚያስተምሯችሁ?» አሉና ሰናይትን አስገቡ። ሰናይትን! ወጣት፣ ጉልበታም፣ ጣልያንኛዋ እንደ ውሃ የሚወርድ። ይህም አልበቃ ብሏቸው፣ ሲኞራዋ ሾርባዋን እንዴት እንደምትወድ፣ በየትኛው ጎኗ እንደሚቀናት፣ ሁሉን አስጠኗት። «ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል ሲባል አልሰሙም?» ብላቸው ሳቁብኝ።

የፈራሁት አልቀረም። ወሩ ሊያልቅ ሲል የሲኞራዋ ልጅ ሰናይትን «አንቺው ቅሪልን፣ ደሞዝም እንጨምርልሻለን» አላት። ለእትዬ ሆዴ ባባ፤ ግን አልዋሽም፣ መጽሐፌ ልክ መሆኑ ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር። ሰናይት ግን «ቦታው የእትዬ ነው» ብላ ወሩ ሲሞላ ሻንጣዋን አንስታ ወጣች። በቃ። ሌላ ሥራ የላትም እኮ! ወይ ጉድ፣ እንዲህም ያለ ሰው አለ ብዬ ቀኑን ሙሉ ስገረም ዋልኩ።

በሚቀጥለው ሐሙስ እትዬ በከዘራ እያነከሱ መጡ። እኔም አላርፍ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«እሺ፣ ሰናይትን አምነዋታል። ግን ለማንኛውም ደከም ያለችውን ቢያስገቡ ምን ይጎዳዎት ነበር?»

«እኔንማ ምን ይጎዳኛል?» አሉ። «ሲኞራዋን ማን ያነሳት ነበር?»

በስሌቴ ውስጥ እትዬ ነበሩ፣ ምትኳም ነበረች፣ ቤተሰቡም ነበር። አልጋ ላይ የተኛችውን አሮጊት ግን ጭራሽ ረስቻታለሁ።