«ከፍተህ አሳየኝ» የሚሉት ሰው

በየመሥሪያ ቤቱ የተባለውን የማያምን አንድ ሰው አይጠፋም። በሩን ቆልፌያለሁ ብትሉት ሄዶ እጀታውን ይነቀንቃል። መብራት መጣ ሲባል ማብሪያውን ሦስት ጊዜ ካልተጫነ አያርፍም። የእነዚህ ሰዎች ሁሉ አለቃ፣ ሊቀ ተጠራጣሪዎች ክቡር አቶ ገመቺስ ግን የካ ዳገቱ ላይ፣ ባሕር ዛፍ የከበበው የአንድ የሕፃናት መርጃ ድርጅት ኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ ነበሩ።

ይህን ከጽዳት ሠራተኛዋ ከብርቄ በላይ የሚያውቅ የለም። ብርቄ ትምህርቷን ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠች ናት። ከየካ አባዶ ሁለት ታክሲ ተጋፍታ ስትደርስ የጉልበቷ ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቷል። ቆሻሻውን ደፍታ ስትመለስ ጋሽ ገመቺስ ከመነጽራቸው በላይ ያዩዋታል።

«ክዳኑን ከፍተሽ አሳዪኝ።»

ትከፍታለች፤ ባዶ ነው። በማግስቱም እንዲሁ። አንድ ቀን ለጉብኝት የመጡ ፓስተር በቦርሳቸው መጽሐፍ ቅዱስ ብቻ እንዳለ ቢነግሯቸው፣ ጋሽ ገመቺስ በታላቅ አክብሮት ዚፑን አስከፍተዋቸዋል።

በ2007 ዓ.ም. የሆነው እንዲህ ነው። አባዶ ቅርንጫፍ የሚመዘገብ ልጅ ስሙም ፎቶውም እዚያ ኮምፒዩተር ውስጥ ይገባና በራሱ እየተቀዳ የካ ወዳለው ዋናው ኮምፒዩተር ይመጣል። ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝርዝሩ ጋሽ ገመቺስ ፈርመውበት ለረጂዎች ይላካል። ፎቶ የሌለው ልጅ ይሰረዛል፤ የከርሞው የትምህርት ቤት እርዳታም ይቀርበታል።

ሐሙስ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ሰሎሞን ወረቀቱን ይዞ ገባ። አባዶ ዘጠኝ መቶ አርባ ልጅ፣ እዚህም ዘጠኝ መቶ አርባ። የኮምፒዩተሩ ምልክትም አረንጓዴ ነው።

«ሁሉም ገብቷል ጋሼ፣ ይፈርሙልኝ።»

«ከፍተህ አሳየኝ።»

ሰሎሞን ፈገግ ብሎ ይከፍት ጀመር። የመጀመሪያው ልጅ ፎቶ አለው፤ ሁለተኛውም አለው። አሥራ ሰባተኛው ላይ ስሙ አለ፣ ዕድሜው አለ፤ የፎቶው ቦታ ግን ነጭ ነው። ወላጆቹ ሳያስነሱት ቀርተው ይሆናል፣ ይሰረዝ አለ ሰሎሞን። ጋሽ ገመቺስ አባዶ ያለችው፣ ሰርክ የምትባለው መዝጋቢ ዘንድ ደወሉ። ከፍታ አየች፤ እሷ ዘንድ ፎቶው ቁጭ ብሏል።

«ቁጥሩ መጥቷል፣ ልጆቹ ግን አልመጡም» ብለው እስክሪብቶውን መለሱለት።

እስከ ምሳ ሰዓት ሁለት መቶ ስድስት ባዶ ቦታ ቆጠሩ። ገመዱን ቀየሩ፣ ማሽኑን አጥፍተው አስነሱ፤ ለውጥ የለም። ብርቄ በጠረጴዛው ዙሪያ ስትወለውል ዓይኗ ስክሪኑ ላይ አረፈ። ጵርስቅላ ይላል። ልጇ ናት። ቦታው ነጭ ነው።

ብርቄ ከዝርዝር መውጣት ብርቋ አይደለም። አፏ ዕድሜዋን ሙሉ የለመደውን «እሺ» ለማለት ተዘጋጅቶ ነበር። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«የኔ ልጅ ፎቶ ተነስታለች ጋሼ። ከገና ወዲህ፣ በአዲሱ ካሜራ። የቀሚሷ አዝራር ሳይቀር ይቆጠራል።»

«በድሮው ካሜራ የተነሱትስ?»

«የእነሱማ ፊታቸው እንኳ በቅጡ አይለይም።»

ጋሽ ገመቺስ ይከፍቱ ጀመር። ፊታቸው የማይለየው ሁሉ መጥተዋል፤ ጥርት ያሉት ሁሉ ቀርተዋል። ጥርት ያለ ፎቶ ኮምፒዩተር ላይ ይከብዳል፤ ቀጂው ፕሮግራም ደግሞ ከተወሰነ መጠን በላይ የከበደውን እንዲዘል ታዞ ኖሯል። ፍራሹን አስፋልት ላይ ጥሎ ባለቤቱን ብቻ እንደሚጭን የታክሲ ረዳት፣ ፎቶውን እየተወ ስሙን ሲያመላልስ ከርሟል፤ ለማንም ሳይናገር።

ሰሎሞን የፎቶዎቹ መጠንና ጥራት ይቀነስ አለ። «ልጆቹ አይጥበቡ፤ በሩ ይስፋ» አሉና ጋሽ ገመቺስ ቀጂው የሚያሳልፈውን መጠን ከፍ አደረጉት። አረንጓዴው እንደገና በራ። ሰሎሞን በቃ፣ አለቀ አለ። ከፍተው አሳዩት፤ አሁንም ባዶ ነው። ቀጂው አዲስ የገባውን ወይም የተነካውን እንጂ አንዴ የዘለለውን ዞሮ አያይም። ስለዚህ ሰርክ ሁለት መቶ ስድስቱንም አንድ በአንድ እየከፈተች እንደ አዲስ ታስቀምጥ ጀመር። እዚህ እሳቸው ይከፍታሉ፤ ብርቄ አጠገባቸው ቁጭ ብላ የመጣውን ልጅ ስም ላይ ምልክት ታደርጋለች።

ዓርብ ሰባት ሰዓት ላይ ሰሎሞን ፊርማ ሊያስጨርስ መጣ። የመጣው ይበቃል፣ የቀረው ለከርሞ ይደርሳል እያለ ነበር። አርባ ልጅ ይቀር ነበር፤ ጵርስቅላም ከቀሩት ውስጥ ናት። ብርቄ መወልወያዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

«ወለሉ እርጥብ ነው።»

ወለሉ ደረቅ ነበር። ሰሎሞንም አይቶታል፤ እሷም ማየቱን አይታለች። አልተነቃነቀችም። ስምንት ሰዓት ተኩል ሲል ከውስጥ የጋሽ ገመቺስ ድምፅ መጣ።

«አራት አዝራር።»

ከዚያ በኋላ የቀሩት ሦስት ልጆች ብቻ ነበሩ። እነሱም ገቡ፤ ጋሽ ገመቺስም ፈረሙ።

አሁን ጡረታ ወጥተዋል። በቦታቸው የተተካው ወጣት ትሑት ነው፤ የነገሩትን ሁሉ ያምናል፣ ክዳን የሚያስከፍት ሰው የለም። ብርቄ ግን ዛሬም ቆሻሻውን ደፍታ ስትመለስ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ክዳኑን ከፍታ ትተወዋለች።