ዐሥራ አራት ኪሎ ሜትር በዋና፣ ለአንዲት ጀልባ

የሰው ልጅ በረሃ አቋርጧል፣ ተራራ አቋርጧል፤ ስብሰባ ለማቋረጥ ግን እስካሁን የደፈረ የለም። ስለዚህም የአንድ የተከበረ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሐይቁን በዋና ላቋርጥ ብሎ ሲነሣ፣ አስቀድሞ ሰባት ስብሰባ ቁጭ ብሎ መጨረስ ግድ ሆነበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሐይቁ ማዶ ባለችው ደሴት ሐኪም የለም። ምጥ የያዛት ሴት በመቅዘፊያ ጀልባ አራት ሰዓት ተጉዛ ነው ከተማው የምትደርሰው፤ ከደረሰች። የመዝገብ ቤቱ ሰው ታናሽ እህት ባለፈው ዓመት የመጀመሪያ ልጇን እዚያው ውሃ መሀል አጥታለች። አሁን ደግሞ አምስት ወሯ ነው። አንድ ቱጃር "ከደሴቷ እስከ ከተማው ዋኝቶ የሚጨርስ ከተገኘ፣ ለደሴቷ ባለሞተር ጀልባ እሰጣለሁ" ብሎ ቃል ሲገባ፣ ዓሣ አጥማጅ አባት ያሳደገው ይህ ሰው እጁን አወጣ።

ሥራ አስኪያጁ ወዲያውኑ የዋና ዐቢይ ኮሚቴ አቋቋሙ። ከዘጠኙ አባላት መዋኘት የሚችል አንድም አልነበረም፤ ይህም ገለልተኝነታቸውን አስተማማኝ አደረገው። ኮሚቴው ሐይቁን በአካል ተገኝቶ ጎበኘና ውሃ ያለው መሆኑን በቃለ ጉባኤ አሰፈረ። ዋናተኛውም ሲዋኝ የመሥሪያ ቤቱን ባጅ አንገቱ ላይ እንዲያንጠለጥል ተወሰነ።

"ቢያንቀኝስ?" አለ ሰውየው።

"አንተን የሚያንቅህ ደንብ አለማክበር ነው" አሉት ሥራ አስኪያጁ።

በዕለቱ ጎህ ሲቀድ እህቱ ደሴቷ ዳር ቆማ ጀርባውን ቅባት ቀባችው።

"ወንድምዓለም፣ ከደከመህ ተመለስ። እኔ እንደሆንኩ እንደ ምንም ብዬ እወልዳለሁ።"

"ዝም ብለሽ ቀቢኝ" አላት። ፈርቶ ነበር፤ እሷም ገብቷታል።

ኮሚቴው በትውስት በመጣች ጀልባ ተሳፍሮ አጀበው። ለመጠጥ ውሃና ለብርድ ልብስ የታሰበው ቦታ በድምፅ ማጉያ ስለተያዘ፣ ዋናተኛው ጥማቱን በንግግር እንዲቆርጥ ተደረገ። መንገዱ ሲጋመስ እግሩን ጅማት ጨመደደው። ሥራ አስኪያጁ በማጉያው "በርታ! ከጎንህ ነን!" አሉት። እውነታቸውን ነው፤ ጀልባዋ ሁለቴ ጎኑን ገጭታዋለች።

ሰውየው ግን ደረሰ። ችግሩም ይኸው ነበር። መርሐ ግብሩ የሚለው ስድስት ሰዓት ሲሆን እሱ አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ዳርቻው ሃያ ሜትር ሲቀረው ብቅ አለ። የክብር እንግዳው በዚያ ሰዓት ገና ፀጉር አስተካካይ ቤት ነበሩ።

"አቁም!" ብለው ጮኹ ሥራ አስኪያጁ። "እንዳትደርስ!"

"ጌታዬ፣ እዚህ እግሬ መሬት አይነካም።"

"ባለህበት ቆይ።"

"ውሃ ላይ እንዴት ነው የሚቆየው?"

"ዋናተኛው አንተ ነህ ወይስ እኔ?"

ጥሷቸው ሊወጣ ቃጥቶት ነበር። ነገር ግን ኮሚቴው ለቱጃሩ "አልጨረሰም" ብሎ ከጻፈ ጀልባዋ እንደምትቀር ያውቃል። እናም የእህቱን ሆድ እያሰበ በጀርባው ተንሳፎ ከአንድ ሰዓት በላይ ሰማይ ሰማይ አየ። ንዴቱ ባያሞቀው ኖሮ ብርዱ ይጨርሰው ነበር። የክብር እንግዳው አምረው መጡ፣ ስለ ጽናት ተናገሩ፣ ሪባን ቆረጡ። ከዚህ በኋላ ሰውየው መሬት እንዲነካ ተፈቀደለት።

ቱጃሩ ቃሉን ጠብቆ በሳምንቱ ጀልባዋን ለደሴቷ እንዲያደርስ ለመሥሪያ ቤቱ ላከ። አዲስ ናት፣ ነጭ ናት፣ ታበራለች። ኮሚቴው በጥልቀት ተወያየ። ጀልባ ንብረት ነች፤ ንብረት ደግሞ ከብልሽት ሊጠበቅ ይገባል፤ ጀልባን እንደ ውሃ የሚያበላሽ ነገር የለም። ስለሆነም ከሐይቁ ርቃ መሥሪያ ቤቱ ግቢ ውስጥ በሸራ ተሸፍና እንድትቀመጥ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

የእህቱ ወር ገባ። ሰውየው ለመነ፣ ደጅ ጠና። "ጀልባ ለምንህ ነው? አንተ እንደሆንክ ትዋኛለህ" ተባለ። ያኔ ነው ሃያ ዓመት ሙሉ መዝገብ ቤት ሲያገላብጥ የኖራቸው ደብዳቤዎች ትዝ ያሉት። ቁጭ ብሎ ጻፈ፦ "ሠራተኛው መዋኘት መቻሉ በኮሚቴው ፊት የተረጋገጠ ሲሆን፣ የጀልባዋ ግን እስከ ዛሬ አልተረጋገጠም። ወደፊት ተጠያቂነት እንዳያስከትል፣ በውሃ ላይ ሙከራ እንዲደረግባት ይፈቀድልኝ ዘንድ በትሕትና አመለክታለሁ።"

ሥራ አስኪያጁ "ተጠያቂነት" የምትለው ቃል ላይ ሲደርሱ ላብ አጠመቃቸው።

"ብትሰጥምስ?"

"ፈርመው የተረከቧት እርስዎ ነዎት፤ ከአሁኑ ቢታወቅ ይሻላል ብዬ ነው።"

ማመልከቻው ላይ ፈርመው ቁልፉን በእጁ ሰጡት። ጀልባዋ በዚያው ቀን ደሴቷ ገባች። እህቱ በአራተኛው ቀን ከተማው ሆስፒታል ደርሳ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። ሰውየው ሕፃኗን ታቅፎ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።

እነሆ ሁለት ዓመት ሆነ፤ ጀልባዋ አልተመለሰችም። በየወሩ "ሙከራው ቀጥሏል፤ እስካሁን አልሰጠመችም" የሚል ሪፖርት ይቀርባል፣ ኮሚቴውም አጨብጭቦ ያጸድቀዋል። ባለፈው ሰሞን ግን ሥራ አስኪያጁ ሰውየውን ቢሮ አስጠሩት።

"ለመሆኑ ይሄ ሙከራ የሚያልቀው መቼ ነው?"

"ስትሰጥም ነዋ፣ ጌታዬ።"

ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

"መልካም" አሉ። "መስጠሟን በሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ውስጥ አስገባልኝ።"