ሶፋው የዋጣቸው ሽማግሌዎች

አዲስ ልብስ የሚገዛ ሰው ሁሌም ይገርመኛል። ሲታጠብ ቀለሙን ይልቀቅ፣ ብብቱ ሥር ይተርተር፣ ተቀምጠው ሲነሱ ይጨማደድ፣ ምኑንም ሳያውቅ እንዲያው በእምነት ብቻ ከፍሎ ይወጣል። ሰልባጅ ግን የተፈተነ ነው። አንድ የማታውቁት ፈረንጅ ለብሶት ሠርቶበታል፣ ከሚስቱ ተጣልቶበታል፣ ምናልባትም ታርቆበታል፤ ይህን ሁሉ ችሎ፣ ባሕር ተሻግሮ እጃችሁ የገባ ኮት ከእንግዲህ በምን ይሸነፋል? «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ትሉኝ ይሆናል። ስለ ወርቁ አላውቅም፤ ደርሶኝ አያውቅም። የሰው ሱሪ ግን አሳምሮ ያደምቃል።

በሰልባጅ ነገር ደግሞ እንደ ጅቡቲ ያለ ከተማ አላየሁም። አዲሱ ባቡር ገና ሥራ ሳይጀምር፣ ያገራችን ጭነት ሁሉ በእኛ በሾፌሮቹ ጫንቃ ላይ በነበረበት ጊዜ፣ ወደብ ለመግባት ወረፋ እስኪደርሰን ፔካ 12 በምትባለው የከተማው ዳር የጭነት ማቆሚያ መኪና አቁመን ቀናችንን እንቆጥር ነበር። ሌላው ሾፌር ካርታ ሲጫወት እኔ ባልባላ ገበያ ገብቼ የልብስ ክምር እበረብራለሁ። የሚያስቀው፣ ከአውሮፓ ከሚመጣው ቦንዳ ግማሹ የክረምት ካፖርት መሆኑ ነው። ነጋዴዋ በዚያ ንዳድ ላቧን በሻሿ እየጠረገች፣ የበግ ፀጉር ገበር ያለው ካፖርት አንስታ «በጣም ይሞቃል» እያለች ታሞግስላችኋለች። ማን ይጠራጠራታል? ደብረ ብርሃን ያሉ የሚስቴ ዘመዶች እስከ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን የሚስሙት እኔ ከጅቡቲ ባወጣሁላቸው ካፖርት ነው።

ይህ የሰልባጅ ዕውቀቴ ነው እንግዲህ ያን ጉድ ያመጣብኝ።

ብርሃኑ የሚባል እንደ ታናሽ ወንድሜ የማየው የመስመራችን ሾፌር ነበር። ይህ ልጅ ዘነበች የምትባል፣ ከተማው ውስጥ በአንዲት የጅቡቲ እመቤት ቤት ተቀጥራ የምትኖር የኮምቦልቻ ልጅ ወደደ። እሷም ወደደችው። ታዲያ ምን ቀረ አትሉም? የማዳም ምርቃት ቀረ። ማዳም ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ ትልቅ ሴት ናቸው። «ወባ ሲጥለኝ እንደ እናት ያስታመሙኝ እሳቸው ናቸው» አለችው ዘነበች። «እዚህ አገር ከሳቸው ሌላ ማን አለኝ? በወጉ ሽማግሌ ላክባቸው። እሺ ካሉ ያንተ ነኝ፤ እምቢ ካሉ ግን ቀረ።» ብርሃኑ እህል አስጠላው። በዚያ ላይ እንደ ልቡ እንኳ ሊያገኛት አልቻለም፤ ማዳም የጠፋ ዕቃ ፈልጊ እያሉ ገበያ ለገበያ ሲያንከራትቷት ሰነበቱ።

ሦስት ሽማግሌ ተመረጥን። አንደኛው ጋሽ ታደሰ ነው፤ የሁላችንም አንጋፋ፣ ወግ ከሚፈርስ ሞተር ቢፈርስ የሚመርጥ ሾፌር። ሁለተኛው ሽፈራው ነው፤ የመጋዘን ጠባቂ፣ በተቀመጠበት እንቅልፍ የሚጥለው። ሦስተኛው እኔ። ጋሽ ታደሰ ገና ከመመረጡ ሕግ አወጣ።

«ሽማግሌ ያለ ኮት አይሄድም!»

«ጋሽ ታደሰ፣ በዚህ ሙቀት ትገድለናለህ» አልነው።

«ኮት ለብሶ የሞተ ሽማግሌ አልሰማሁም» አለ።

የፔካ 12 ሾፌር ሽርጥና ካናቴራ እንጂ ኮት የለውም። ፈልግ የተባልኩት እኔ ነኝ። ከካፖርት በቀር ጠፋ። አንዱን ጋሽ ታደሰ ለክቶት ነበር፤ ወዲያው ዓይኑ ሲገለበጥ ውኃ አፍስሰንበት አወለቅንለት። ተስፋ ቆርጬ ልወጣ ስል፣ ከክምሩ ሥር አንድ ጨርቅ ብቅ አለ። ጥቁር አረንጓዴ መደብ ላይ ወርቃማ አበባ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ ገበሩ ሳይቀር የተሰፋለት፣ ሦስት ሽማግሌ የሚያለብስ። መጋረጃ እንደነበረ አልጠፋኝም፤ ጫፉ ላይ የነሐስ ቀለበቶች ተደርድረውበታል። ቢሆንስ? መጋረጃ ማለት ዕድሜ ልኩን ቆሞ የኖረ ጨርቅ ነው፤ ለሽማግሌ ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል?

ባልባላ ያለ አንድ የመናዊ ልብስ ሰፊ ዘንድ ወሰድኩት። አሥር ጊዜ ለክቶ አንዴ የሚቆርጥ ሰው ነው። ቀለበቶቹን ሊጥላቸው ሲል ጮህኩበት፤ በየኮቱ ፊት ለፊት ተክሎ ቁልፍ ማስገቢያ አደረጋቸው። ከተረፈው ቁራጭ ለብርሃኑ ከረባት ወጣለት። ክር እንኳ አልባከነም። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

በሐምሌ፣ ያ አሸዋማ ነፋስ ፊት በሚለበልብበት ሰሞን፣ ሦስታችን አንድ ዓይነት አበባ ለብሰን ሚኒባስ ላይ ወጣን። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየን። አንዲት ሴትዮ ክንዴን ዳሰሰችና ዋጋውን ጠየቀችኝ። ጋሽ ታደሰ «አክብሮት ነው» አለኝ። ብርሃኑ ከማዳም ቤት ማዶ፣ ጥግ ላይ ቆሞ ሊጠብቀን ቀረ።

በሩን የከፈተችልን ዘነበች ናት። ስታየን ፊቷ አመድ መሰለ፤ የሙሽራ ነገር ነው ብዬ አለፍኩት። «ማዳም ጸሎት ላይ ናቸው፤ ተቀመጡ» አለች በሹክሹክታ። ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም ሲል የሰነበተው ጋሽ ታደሰ፣ የኤሲው ቅዝቃዜ ሲነካው ወጉን ለጊዜው ቆይ አለው። ሦስታችንም ረጅሙ ሶፋ ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። ሽፈራው ወዲያው ተኛ።

ጥቂት ቆይቼ ለጋሽ ታደሰ አንድ ነገር ልነግረው ዘወር ስል፣ ጋሽ ታደሰ የለም። ጭንቅላቱ ብቻ አለ። ከአንገቱ በታች አረንጓዴ ሶፋ ነው፤ ወርቃማ አበባ ነው። ክንዴን ባይ ክንዴም የለም፤ እጄ ብቻ ሶፋው ላይ በቅሏል። ቀና ብዬ መስኮቱን አየሁት። አዲስ ነጭ ስስ መጋረጃ ተሰቅሎበታል፤ ከሶፋው ጋር ፈጽሞ አይገጥምም።

የለበስነው የዚያኑ ቤት መጋረጃ ነበር። ዘነበች ስትንከራተት የሰነበተችለት የጠፋ ዕቃ እኛ ነን። ማዳም ሌቦች ናቸው ቢሉ፣ ዘነበች ናት አውጥታ የሰጠቻቸው ቢሉ፣ የብርሃኑ ነገር እዚያው ላይ አበቃ። ኮቱን ባወልቅ ጋሽ ታደሰ ይገድለኛል፤ ባላወልቅ ማዳም። ወደ ሶፋው ይበልጥ ተጠጋሁ። ያለኝ መደበቂያ እሱው ነበር።

ማዳም መነጽር ሳያደርጉ ገቡ። ወትሮ ወደሚቀመጡበት ጥግ በቀጥታ ሄዱና ሽፈራው ላይ ተቀመጡ።

«በስመ አብ!» ብሎ ጮኸ ሽፈራው። ሶፋቸው ሲጮህ ማዳምም ጮኹ።

መነጽር መጣ። ማዳም መነጽራቸውን አድርገው ሦስታችንን አዩ፣ ሶፋውን አዩ፣ ከዚያ ቀርበው የኮቴን ደረት ይዘው ጨርቁን በጣታቸው አሹት። የነሐሱን ቀለበት ነኩ። «ሜ ሪዶ!» አሉ። በፈረንሳይኛ መጋረጃዎቼ ማለታቸው ነው። የባዕድ ቋንቋ ሁሉ ሰላምታ የሚመስለው ጋሽ ታደሰ ብድግ ብሎ እጅ ነሳና «ሜ ሪዶ፣ እመቤቴ» አላቸው።

ቀጥሎ በሱማልኛ ብዙ ተናገሩ፤ እጃቸው ይወራጫል።

«ምን አሉ?» አለ ጋሽ ታደሰ።

«እንኳን ደኅና መጣችሁ ነው የሚሉት» አለች ዘነበች።

ጋሽ ታደሰ ጉሮሮውን ጠረገና ልጅቷ ትውጣ አለ፤ ስለ ራሷ ሲወራ ሙሽራ አትቆምም። ብትወጣ ማን ያስተረጉማል? እኔና እሱ የምናውቀው ሱማልኛ የወደብ ነው፦ ውኃ፣ ነገ፣ ዋጋ ቀንስ፣ እሺ። ተመካከርንና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ እንድታስተረጉም ተወሰነ።

«ከሩቅ አገር የመጣን ነን» ብሎ ጀመረ ጋሽ ታደሰ። «ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን፤ ልጃችንም ልጅ ይሁንዎ።»

አጭር ንግግር ነበረች። ዘነበች ግን ለግድግዳው ረጅም ነገር ነገረችው። በመሃል እጇን ወደ ኋላ እየዘረጋች ኮታችንን ትጠቁማለች። እኔ የማውቀው ጸሎት አልቆብኝ ነበር። የማዳም ፊት መጀመሪያ ከቁጣ ወደ ግርምት ዞረ፤ ቀጥሎ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አንድ ጥያቄ ጠየቁ፤ ዘነበች መለሰች። በመጨረሻ «ዋ ያሃይ» አሉ። ይችን ከወደብ አውቃታለሁ፤ እሺ ማለት ናት። እግዚአብሔር ይመስገን!

ያልኩት ግን ቸኩዬ ነበር፤ ማዳም ተነስተው የጋሽ ታደሰን ኮት ቁልፍ መፍታት ጀመሩ።

«ኧረ ምን ሊሆኑ ነው?» አለ ጋሽ ታደሰ።

«ያገሩ ባህል ነው» አለች ዘነበች፣ አሁንም ለግድግዳው። «ሽማግሌ እሺ ሲባል ኮቱን ልጅቷ ቤት ትቶ ነው የሚሄደው።»

ጋሽ ታደሰ በአክብሮት እጁን ዘረጋ። «እንዲህ ያለ ባህል እያለ እኛ አናውቅም» አለና አወለቀ። እኔም አወለቅኩ፤ ከሥሩ የለበስኩት ሰልባጅ ካናቴራ ደረቱ ላይ ፈረንጅኛ ጽሑፍ ነበረው። ምን እንደሚል እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ማዳም ግን አንብበው ሳቁ። ጥግ ላይ የሚጠብቀን ብርሃኑ ሦስት ሽማግሌ በካናቴራ ሲወጣ ሲያይ፣ ተገፈን የተባረርን መስሎት መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ሠርጉ ዕለት ዘነበችን ለብቻዋ አግኝቼ ያን ቀን ምን ብላ እንዳስተረጎመች ጠየቅኳት።

«‹ያ አርጅቷል ብለው አስጥለውኝ በማግሥቱ የተጸጸቱበት መጋረጃዎ አለ አይደል? እነዚህ ሰዎች ናቸው ፈልገው ያገኙልዎ፤ መንገድ ላይ እንዳይጠፋባቸው ለብሰውት መጡ፤ ለድካማቸውም እኔን ይጠይቃሉ› አልኳቸው» አለችኝ።

«ለምን ቆረጡት አላሉም?»

«አሉ እንጂ። ለሦስት ሰው እንዲበቃ ነው አልኳቸው።»

ጨርቁን የመረጡት ሟቹ ባላቸው ነበሩ። ማዳም ተረቱን አምነውት ይሁን ለማመን ፈልገው እኔ አልፈርድም። ኮቶቹን ለዚያው የመናዊ ሰጥተው መልሰው መጋረጃ አስደረጓቸው፤ ሠርጉ ላይ የብርሃኑን ከረባት ሲያዩ ደግሞ ዳሰሱትና ሳቅ ብለው ተዉለት። አንዳንዴ ሰላም ልላቸው ስገባ መስኮቱ ጋ እቆማለሁ። የመጋረጃው የግራ ክንፍ ኪስ አለው። ኪሱ የኔ ነው፤ የጠፋብኝን ማበጠሪያ ያገኘሁት እዚያ ውስጥ ነው።

ለጋሽ ታደሰ እውነቱን የነገረው የለም። ማን ደፍሮ? እሱም ያየውን ባህል ፔካ 12 ላይ ለወጣት ሾፌሮች ሲያስተምር ከረመ፤ አሁን ጅቡቲ ውስጥ ከእኛ ሰው ልጅ የሚጠይቅ ሽማግሌ ሁሉ ኮቱን ትቶ ነው የሚወጣው። የልጅቷ ወገን ኮቱ ካልቀረ ቅር ይለዋል አሉ። በቀደም አንድ ሾፌር ሽማግሌ ሊልክ አስቦ ሊያማክረኝ መጣ። «ጋሼ፣ የሚቀረው ኮት የግድ አዲስ መሆን አለበት?» አለኝ።

ትንሽ አሰብኩና «ወጉስ ከመጋረጃ የተሰፋ ነው» አልኩት።