ሃያ አንድን ዜሮ ማድረግ

አየር መቅረጽ ሥራ ነው ወይስ አይደለም?

መልሱን የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ፤ እኔ እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። በበዓል ማረስ እንደማይፈቀድ አውቃለሁ። መፍጨት፣ መፍተል፣ እንጨት መፍለጥ ሥራ ነው። እንጨት መቅረጽም ያለ ጥርጥር ሥራ ነው። ግን እንጨቱ ከሌለስ? መሣሪያው ምንም ሳይነካ ባዶ አየር ላይ ወዲያና ወዲህ ቢል፣ እኔም አጠገቡ ተቀምጬ መጽሐፍ ባነብ... ይህ ምን ይባላል? የአገሬ ሰው ለሁሉም ነገር ሕግ አለው፤ አየር የሚቀርጽ ሰው ይመጣል ብሎ ግን አላሰበም።

ነገሩ የጀመረው በስለት ነው። እኔ ትምህርት ቤት የገባሁት ዘግይቼ፣ ከልጆቼ እኩዮች ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተጨናንቄ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሲደርስ ጭንቅ ቢለኝ ለደብራችን ለጊዮርጊስ ተሳልኩ፦ "ካለፍኩ በገዛ እጄ የተሠራ አትሮንስ አስገባለሁ።" ቅዱሱ መጽሐፍ ተዘርግቶ የሚነበብበት አትሮንሳችን አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ፣ መምሬ ዘውዴ የሚያነቡት በጉልበታቸው ደግፈው ነው። አለፍኩ። ጣጣው "በገዛ እጄ" የምትለዋ ላይ ነው። የኔ እጅ መጽሐፍ ይገልጣል እንጂ፣ መዶሻ ከያዘ ሚስማሩን ትቶ አውራ ጣቴን ነው የሚያገኘው። ጊዮርጊስ ይህን እያወቀ ስለቱን ዝም ብሎ መቀበሉ ይገርመኛል።

ስለዚህ እጅ ገዛሁ። ሲኤንሲ ይሉታል፤ ኮምፒዩተር እየመራው እንጨት የሚቀርጽ ማሽን ነው። ብረቱን ራሴ ገጣጠምኩ። መዳፍ የምታህለዋን መቆጣጠሪያ ቦርድ ሽቦዋን ራሴ አሰርኩላት። ሶፍትዌሩ ደግሞ ሰዎች ተባብረው ጽፈው ለፈለገ ሁሉ በነፃ የለቀቁት ነው። በነፃ የሚገኝ ነገር እንደ ዘመድ ምክር ነው፤ ይሰጧችኋል፣ ማስተካከሉ የእናንተ ነው። የሞተሩ ፍጥነት፣ አቅጣጫው፣ መነሻው፣ ሁሉም ቁጥር በተሰጠው መስመር ይታዘዛል፤ እያንዳንዱም መስመር በዶላር ምልክት ይጀምራል።

እዚሁ ዘመሮ ከተማችን ግድግዳ የሚጋሩኝ ባለ ወፍጮ፣ ጋሽ ሽፈራው፣ አንድ ቀን ገብተው ስክሪኑን አዩት።

"ይሄ ሁሉ ዶላር ነው?"

"ምልክቱ ብቻ ነው፣ ጋሼ።"

"ያው ነው። እኛ ዘንድ የሚደርሰውም ምልክቱ ነው። አሁን ምን እያረግሽው ነው?"

"ዜሮውን እያሳየሁት ነው። መነሻ ቦታውን፣ ዜሮውን፣ ካላወቀ አይነሣም።"

"ዘመሮን?" አሉና በትዝብት አዩት። "ዘመሮ ላይ ቁጭ ብሎ ዘመሮን የማያውቅ ከሆነማ ለሻጮቹ መልሽላቸው።"

ምነው በሰማኋቸው። እንጨት አስይዤ አዝራሩን ስጫን፣ ማሽኑ ስንዝር ሳይሄድ ቀጥ ይላል፤ ስክሪኑ ላይም ጫፍ ደርሻለሁ የሚል ማስጠንቀቂያ ይወጣል። ጫፉ ላይ ትንሽ ስዊች አለች፤ መቅረጫው ሲነካት "ከዚህ ወዲያ ገደል ነው" ብላ ታስቆመዋለች። መቅረጫው ግን መሐል ሜዳ ላይ ነው። የመንዝ ልጅ ገደል መፍራቱ ደግ ነው፤ ሜዳ ላይ ቆሞ ገደል ገደል ማለት ግን ምን ይሉታል?

በበዓል ሥራ ስለማልሠራ፣ እንጨቱን አውርጄ፣ "ሙከራ ነው" ብዬ ባዶውን አስነሣዋለሁ። በሚካኤል፣ የብራና መጽሐፍ ላይ እንዳለው ዓይነት ሐረግ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳያቋርጥ አየሩ ላይ ቀረጸልኝ። በገብርኤልም ደገመው። ደስ ብሎኝ በማግስቱ እንጨት ሳስይዘው፣ ገደል ነው አለ።

እናንተ ብትሆኑ ማንን ትከሳላችሁ? እንጨቱን። እኔም ከሰስኩት። ዋንዛውን በጥድ፣ ጥዱን በወይራ ቀየርኩ። ፍጥነቱን ቀነስኩ፣ ጨመርኩ፣ መልሼ ቀነስኩ። ሥራ ፈት መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል። ቢቸግረኝ ኢንተርኔት ላይ፣ "አየር ላይ ይሠራል፣ እንጨት ላይ ይቆማል" ብዬ ጠየቅሁ። አንዱ ባለሙያ፣ "ታዲያ አየሩን ሽጪዋ" ብሎ መለሰልኝ።

ይህን ስል የጊዮርጊስ ንግሥ ተቃረበ። መምሬ ዘውዴ መንገድ ላይ አገኙኝ።

"ስለትሽ ለንግሡ ይደርሳል አይደል? ጉልበቴ እኮ እየደከመ ነው።"

"ይደርሳል፣ መምሬ" አልኩ። በእጄ ያለው የተቧጨረ ጣውላ ብቻ ነበር።

ከዚያ አንድ ማክሰኞ፣ ምንም በዓል ባልሆነበት፣ የጋሽ ሽፈራው ወፍጮ የሚዞርበት ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ተበጠሰ። የኔ ማሽን እንጨቱ ላይ ሐረጉን ጀመረ... ቀጠለ... አልቆመም። ትንፋሼን ይዤ ቆሜ ሳየው፣ ቺንጋው ተቀጥሎ ወፍጮው ድም አለ፤ ማሽኔም፣ ገደል ነው ብሎ ተገተረ።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏችኋል ይሄ ነው። ወፍጮውና እኔ መብራት የምንጠባው ከአንድ ምሰሶ ነው። ትልቁ ሞተር ሲነሣ የሚረጨው የኤሌክትሪክ ረብሻ ሽቦዬ ውስጥ ገብቶ፣ ስዊቿ ሳትነካ የተነካች ያስመስላታል። በበዓል ወፍጮ ዝግ ነው። እንጨቱ ንጹሕ ነበር፤ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

ማታ ብትሠሪስ የምትሉ አላችሁ፤ እኛ ዘንድ ማታ ወፍጮው ሲቆም መብራቱም አብሮ ይሄዳል። ሽቦውን የሚከልል መሸፈኛ አለ፤ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ግን ንግሡ ያልፋል። ለአገሩ ሁሉ የንግሥ የጠላ እህል የሚፈጩን ሰው ደግሞ፣ ወፍጮዎን ያቁሙልኝ ማለት ከብዶኝ ዝም አልኩ። ዝምታ የለመድኩት ሙያ ነው።

በመጨረሻ፣ ንግሡ አፍንጫችን ሥር ሲደርስ፣ አንድ ጠዋት ወፍጮውን ሊከፍቱ ሲሉ ደረስኩባቸው።

"ጋሼ፣ ወፍጮዎ ስለቴን ሊያስቀርብኝ ነው" አልኩና ሁሉንም ነገርኳቸው።

አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ። "ሌላ ብልሃት የለውም?"

"አለው። አንዱን መስመር ዜሮ ባደርገው ስዊቿን መስማት ይተዋል።"

"ታዲያ አታደርጊውም?"

"የመስመሩ ቁጥር ሃያ አንድ ነው።"

ቀና ብለው አዩኝ።

"ማርያምን?"

"ማርያምን።"

"ሃያ አንድን ዜሮ አድርገሽ ለጊዮርጊስ ስለት ልታስገቢ?"

"እሱ እኮ ነው የቸገረኝ።"

ቁልፉን አዩት፣ መልሰው ኪሳቸው ከተቱት። "ዛሬ አይፈጭም።"

"ሰው ሲመጣ ምን ይሉታል?"

"እውነቱን ብነግረው ማን ያምነኛል? ዝም እላለሁ። አንቺን አልጎዳሽም።"

ጋቢያቸውን ተከናንበው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። እኔም ገብቼ እንጨቱን አስያዝኩ። ብዙም ሳይቆይ በመስኮቱ ድምፅ ሰማሁ፤ ገብስ ጭኖ የመጣ ገበሬ ነው።

"ምነው ጋሽ ሽፈራው፣ ዘጉ? ዛሬ ማን ነው?"

ጋሽ ሽፈራው ዝም።

"እ... አዎ፣ አዎ። ረስቼው እኮ ነው" አለና አህያውን አዞረ።

መቼም ታውቁናላችሁ። በዓል መሻር ያሳፍራል፤ በዓሉ የማን እንደሆነ አለማወቅ ግን ከዚያ ይብሳል። አህያው መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ መለሰ። ረፋዱ ላይ አገሩ በሬውን ፈትቶ፣ ጋቢውን ለብሶ ፀሐይ ላይ ወጣ። ልብስ ሰፊው መኪናውን ከደነ። በዘመሮ ሥራ ላይ ያለነው እኔና ማሽኔ ብቻ ሆንን።

የመጨረሻው ጣውላ ሊያልቅ ሲል በሩ ተከፈተ። መምሬ ዘውዴ ናቸው። ብናኙን አዩ፣ ሐረጉን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ።

"ልጄ፣ ሰው ሁሉ በሬውን ፈትቶ አንቺ..."

"መምሬ፣ ዛሬ እኮ በዓል አይደለም።"

"አይደለም?"

"አይደለም። ወፍጮው የተዘጋው ለኔ ነው።" ወፍጮውን፣ ሃያ አንድን፣ በየበዓሉ የቀረጽኩትን አየር፣ አንዱንም ሳልደብቅ ነገርኳቸው።

ወደ ውስጥ ገብተው በሩን ቀስ ብለው ዘጉት።

"ስንክሳሩን ሳገላብጥ ነው የዋልኩ። ቅዱሳን ሞልተዋል፤ ወፍጮ የሚያዘጋ ግን አጣሁ።"

"ታዲያ ለሰዉ ይንገሩታ።"

"እንዴት አድርጌ? ጠዋት ማን ነው ብለው ቢጠይቁኝ፣ 'ቀኑ ከባድ ነው' ብያቸዋለሁ።"

ማሽኑ ሐረጉን ጨርሶ ወደ ዜሮው ተመለሰ። መምሬ ጣውላውን አንሥተው፣ በልማድ በጉልበታቸው ደገፍ አደረጉት። ፊታቸው ሲበራ አይቼ ደፈርኩ።

"መምሬ፣ ለመሆኑ አየር መቅረጽ ሥራ ነው ወይስ አይደለም?"

ብዙ አሰቡ። ወንበር ስበው ተቀመጡ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

"ተይኝ ልጄ፤ በበዓል ቀን እንዲህ ያለ ከባድ ሥራ አታሠሪኝ።"