ለእማማ ተብላ የተገዛችው መኪና

ይህን ወሬ ያወጣችው ከእነ እማማ ቤት ጋር ግድግዳ የምትጋራው ጎረቤት ናት። እሷ ደግሞ የተነገረው ይቅርና ገና የታሰበው የሚሰማት፣ ጆሮዋ የተባረከ ሴት ናት። «ዛሬስ እዚያ ቤት ታሪክ ተሠራ!» አለች፣ የታጠበ አንሶላ ገመድ ላይ እያሰጣች። «አሮጌዋ መኪና ልትሸጥ፣ በምትኳ ስምንት ሰው የምትይዝ ትልቅ መኪና ልትገዛ ተወሰነ። ለማን ቢሉ፣ ለእማማ!»

እንዲህ ያለ ደግ ውሳኔ ያሳለፉት የእማማ የበኩር ልጅ ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ ሰብሳቢው ይላቸዋል። ቀን መሥሪያ ቤታቸውን ይሰበስባሉ፤ ማታ ደግሞ እጃቸው እንዳይፈታ ቤተሰቡን ይሰበስባሉ። በእሳቸው ቤት ሽንኩርት እንኳ ያለ አጀንዳ አይከተፍም። አምፖል ሲቃጠል በጨለማ ቁጭ ብለው ስለ ብርሃን አስፈላጊነት ይወያያሉ። እንዲህ ያለ የሠለጠነ ቤት ነው።

ነገሩ የመጣው ከአሮጌዋ መኪና ነው። አሮጌዋ የምትይዘው አምስት ሰው ነው። ሰብሳቢው ይነዳሉ፣ ሚስታቸው ከጎናቸው ትቀመጣለች፣ ከኋላ ሴቷና ወንዱ ልጅ፣ በመካከላቸው የሚስትየዋ ወንድም። ይህ ወንድም አንድ ቀን ጎማ ሲቀየር ዳር ቆሞ ስላየ «ኢንጂነሩ» የተባለ ሰው ነው፤ ያለ ኢንጂነር ደግሞ እንዴት መንገድ ይወጣል? አምስት ሞላ። ስድስተኛ ሆኖ መገኘት የእማማ የራሳቸው ጥፋት ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ በሄደ ቁጥር በር ላይ ቆመው እጃቸውን ያውለበልባሉ። ሲያውለበልቡ ደግሞ እንዴት ያምርባቸዋል መሰላችሁ!

እማማ የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሐይቁ ዳር ወዳለችው ከተማ ሄደው ታላቅ እህታቸውን ማየት። የእህታቸው ዓይን እየደከመ ነው። በስልክ «አንቺ ልጅ፣ ፊትሽን ሳላየው መብራቱ እንዳይጠፋብኝ» ይሏቸዋል። «መጣሁ እኮ፣ በሚቀጥለው መጣሁ» ይላሉ እማማ። በሚቀጥለውም ቤተሰቡ ይሄዳል፤ ፀሐይ መቶት፣ ዓሣና ሰላምታ ይዞ ይመለሳል። ሰላምታው ለእማማ ይሰጣል። ዓሣው ይበላል።

በዚያ በታሪካዊው ስብሰባ ሰብሳቢው ተነስተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የዚህ ቤት ምሰሶ እናታችን ናት! ከእንግዲህ እናታችን በር ላይ አትቀርም! ስለዚህ በእናታችን ስም፣ ለእናታችን ክብር፣ ለእናታችን ምቾት ትልቅ መኪና ትገዛለች!»

ተጨበጨበ። እማማም አጨበጨቡ፤ ጭናቸው ላይ ሰፌድ ይዘው ሩዝ ይለቅሙ ነበርና ግማሹ ሩዝ መሬት ላይ ተበተነ። ማንም አልተቆጣቸውም። የደስታ ቀን ነው።

በማግስቱ ቤተሰቡ ኮሚቴ ሆኖ መኪና ሊመርጥ ተነሳ። እማማ ጫማቸውን አድርገው ወጡ።

«ወዴት ነው እማዬ?» አሉ ሰብሳቢው፣ መሪውን እንደያዙ።

«ለእኔ አይደል የምትገዛው? ልያት ብዬ።»

«እማዬ፣ ችግራችን እኮ አንቺን የምታስገባ መኪና የለችንም ነው። አሁን የምንሄደው ይሄንኑ ችግር ልንፈታ ነው። አንቺ ከሄድሽ ችግሩ ቀድሞ ተፈታ ማለት ነው፤ ታዲያ ምን ልንገዛ እንሄዳለን?»

ይህን የመሰለ አነጋገር የተማረ ሰው ካልሆነ ከየት ያመጣዋል? እማማ ጫማቸውን አውልቀው ተመለሱ።

ማታ ሪፖርት ቀረበ። መሸጫው ግቢ ሰፊ ነው አሉ፤ መኪኖቹ ታጥበው፣ ተወልውለው፣ እንደ ሙሽራ ተደርድረዋል። ሻጩ ሰውን ከእግር እስከ ራሱ አንዴ አይቶ የጎደለውን የሚያውቅ ሰው ነው። ለሚስትየዋ አንዷን «ሴት የያዘቻት ናት» አላት። ለኢንጂነሩ ሌላዋን «ዶክተር የነዳት ናት» አለው። ኢንጂነሩም ጎማዋን በእግሩ ሁለቴ መታ መታ አድርጎ «ገባኝ» አለ። ምን እንደገባው እስከ ዛሬ አልተናገረም። ሻጩ በመጨረሻ ወደ ሰብሳቢው ዞረ።

«ይቺ ደግሞ ጌታዬ፣ አንድ ትልቅ ኃላፊ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ብቻ ሲሄድባት የኖረች ናት።»

ሰብሳቢው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ሞተሯስ?» አለች ሚስትየዋ።

«ሞተሯማ አልተነካም እመቤቴ። ስብሰባ ላይ ሰው እንጂ ሞተር መቼ ይሠራል?»

«ሰውም ቢሆን…» ልትል ነበር ሚስትየዋ፤ ባሏን አየችና ተወችው።

እንግዲህ ሴቷ ልጅ ቀለሟን ወደደችው። ወንዱ ልጅ ሬዲዮኗን ከፍቶ ግቢውን አናወጠው። ሚስትየዋ ፊት ያለውን መስታወት አይታ ከንፈሯን ቀባች፤ ተስማማት። ሁሉም በየፊናው ረካ። ሪፖርቱ ሲያልቅ እማማ ከጥግ ጠየቁ።

«ወንበሩስ ይመቻል?»

ኮሚቴው እርስ በርሱ ተያየ። ለካ የተቀመጠባት ሰው አልነበረም።

«የወንበሩ ጉዳይ» አሉ ሰብሳቢው፣ «ሰፊ ጥናት የሚጠይቅ ስለሆነ ወደፊት ይታያል።»

አሁን አሮጌዋ ልትሸጥ ሆነ። ሰብሳቢው ግን ባለውለታን ለማንም አሳልፎ የሚሰጥ ሰው አይደሉም። ገዢው ሁሉ ሳሎን ገብቶ ቃለ መጠይቅ እንዲደረግለት ታዘዘ። አንዱ «ጎማዋ አልቋል» በማለቱ በሥነ ምግባር ጉድለት ተሰናበተ። ሌላው ሳያስፈቅድ ኮፈኗን ስለከፈተ ከበር ተመለሰ። በመጨረሻ ዳቦ ጋጋሪው መጣ፣ ክንዱ ላይ ዱቄት እንዳለ።

«ለዚች መኪና ያለህ ራዕይ ምንድን ነው?» አሉ ሰብሳቢው።

«ምን?»

«ምን ልታደርግባት አስበሃል?»

«ዳቦ ልጭንባት ነዋ ጌታዬ።»

«በክብር ነው የምትጭነው?»

«ኧረ በቅርጫት ነው።»

ጋጋሪው ወጥቶ የኋላውን በር ከውጭ ሳበ፤ እምቢ አለው። «ይሄ ለምን አይከፈትም?»

«ለደኅንነት ነው» አለ ኢንጂነሩ።

«ከውስጥስ ይከፈታል?»

«ከውስጥም አይከፈትም። ድርብ ደኅንነት ነው።»

እማማ በመስኮት አንገታቸውን አወጡ። «ልጄ፣ በመስኮት መግባት ከለመድክ ይቺን የመሰለች መኪና የለችም። ስትነሳ ታስላለች፤ ካሳለች በኋላ ግን ደህና ናት፣ እንደኔ።»

ጋጋሪው ሆዱን ይዞ ሳቀና ገዛት። በኋላ የሽያጩ ስኬት ለኢንጂነሩ ተመዘገበለት።

ያለ ሽኝት ግን አትሄድም። ቤተሰቡ ግቢ ውስጥ ተሰለፈ። ሰብሳቢው ኮፈኗን እየዳበሱ ንግግር አደረጉ።

«አርጅተሻል ብለን አልናቅንሽም! ጉልበት በነበረሽ ዘመን ሁላችንንም ተሸክመሽ አሳድገሻል። አንድም ቀን ይሄ ጎደለኝ ብለሽ አላማረርሽም። ውለታሽን አንረሳም!»

እማማ ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ «ኧረ ልጄ፣ እናንተ ብቻ ኑሩልኝ» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ኋላ ቀና ሲሉ ነገሩ ለመኪናዋ መሆኑን አዩ። ቀስ ብለው አፋቸውን ገጠሙ። ሚስትየዋ መሐረብ አውጥታ ተንሰቀሰቀች። ጋጋሪው ግራ ገብቶት በመስኮት ገብቶ ሄደ።

አዲሲቱ መኪና ስትመጣ ደግሞ አይነገር። ሰብሳቢው ከመሸጫው እየነዷት ሲመጡ ከመንገዱ ማዕዘን ላይ ቆም አሉ፤ መብራት ይዟቸው ነው። ታክሲ የመሰላት አንዲት ወፍራም ሴት በሩን ሸርተት አድርጋ ገባች፤ ጎመን የሞላ ዘንቢሏን ጭኗ ላይ አድርጋ ተደላድላ ተቀመጠች። ቤታቸው አጠገብ ሲደርሱም «ወራጅ አለ!» ብላ ወረደች። «ወንበሩ እንዴት ይመቻል!» ብላም አመሰገነች። ስለዚህ ለእማማ በተገዛችው መኪና መጀመሪያ የተሳፈረች እንግዳ ሴት ብትሆንም፣ ወንበሩ እንደሚመች በገለልተኛ አካል ተረጋገጠ።

ያ የሐይቁ ጉዞ ቀን ደረሰ። እማማ ማልደው ተነሱ። አዲሱን ነጠላ ጫማቸውን አደረጉ፤ ለእህታቸው በእጃቸው የሠሩትን ሹራብ በጨርቅ ጠቅልለው በር ላይ ተቀመጡ። ስልክም ደውለዋል። «ዛሬ ነው» አሏቸው እህታቸውን። «ዛሬ አልቀርም።»

ጭነቱ ተጀመረ። ሚስትየዋ በሰው አልጋ እንቅልፍ አይወስደኝም ብላ ፍራሽ አመጣች። ሴቷ ልጅ ሁለት ሻንጣ ያዘች፤ በአንዱ የምትለብሰው፣ በሌላው የምትለብሰው ካልጣማት የምትለብሰው። ወንዱ ብስክሌቱን ጎተተ። ኢንጂነሩ ራሱ ከፍቶት የማያውቀውን የመፍቻ ሳጥን ተሸክሞ ወጣ። ሰብሳቢው ደግሞ የጉዞውን አፈጻጸም ሐይቅ ዳር ለመገምገም ነጭ ሰሌዳ አስመጡ። ለግምገማው መቀመጫ ስለሚያስፈልግ የፕላስቲክ ወንበር ተጨመረ።

አልበቃም። ያን ጊዜ ኢንጂነሩ ከኋላ አንድ ማንሻ ሳበና ጮኸ።

«ኑ እዩ! ይታጠፋል! ወንበሩ ይታጠፋል!»

የኋለኛው ወንበር እንዳለ ተኝቶ ወለል ሆነ። ተጨበጨበለት። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራለት ነገር ስለሆነ ቢጨበጨብለት አይፈረድም።

«ወንበሩን አጥፋችሁ ምን ልትጭኑበት ነው?» አሉ እማማ።

«ወንበር» አለ ኢንጂነሩ።

ተጫነ። ቤተሰቡ ገባ። ከፊት ሁለት፣ ከመሐል ሦስት። አምስት ሞላ። እማማ ጥቅላቸውን አቅፈው በሩ አጠገብ ቆሙ።

ወዲያው አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ፤ ማንም ከወንበሩ ሳይነሳ።

«ኢንጂነሩ ቢቀርስ?» አለች ሴቷ ልጅ።

«መንገድ ላይ ብትበላሽስ?» አለ ኢንጂነሩ።

«ብትበላሽ ምን ታደርጋለህ?»

«ተበላሽታለች ብዬ እነግራችኋለኋ!»

«ፍራሹስ ቢወርድ?» አሉ እማማ።

«ወገቤን እማማ!» አለች ሚስትየዋ።

«ሰሌዳውስ?»

ይህን ማንም መልስ የሚገባው ጥያቄ ነው ብሎ አላሰበም።

ሰብሳቢው መስኮታቸውን ዝቅ አድርገው ማጠቃለያ ሰጡ። «መኪናዋ የተገዛችው ለእናታችን ነው። እናታችን ብትኖርባትም ባትኖርባትም መኪናዋ የእናታችን ናት፤ ይሄን ማንም ሊወስድባት አይችልም። ስለዚህ እማዬ፣ አንቺ በመንፈስ አብረሽን ነሽ። ቤቱን ትጠብቂያለሽ። በሚቀጥለው…»

«እህቴ በመንፈስ አታይም ልጄ» አሉ እማማ ቀስ ብለው። «በዓይኗ ነው የምታየው። እሱም እያለቀባት ነው።»

ወንዱ ልጅ ምን እንደሚያደርግ ቢጠፋው ሬዲዮኑን ከፈተው።

በዚህ መሐል የእማማ ጓደኛ፣ ጡረተኛዋ አዋላጅ፣ ሊሰናበቱ በአጥሩ በር ብቅ አሉ። እኚህ ሴትዮ ሰብሳቢውን ራሳቸውን ያዋለዱ ናቸው፤ እግራቸውን ይዘው ገልብጠው፣ መጀመሪያ ያስለቀሷቸው እሳቸው ናቸው። እማማን ከነጥቅላቸው ቆመው አዩ። መኪናዋን አዩ። መኪናዋ ውስጥ ያሉትን አንድ በአንድ አዩ።

«አንተ ልጅ፣ አታሳፍራትም እንዴ?»

«ቦታ ጠፍቶ ነው እኮ…»

«ይሄ ኋላ ያለው ምንድን ነው?»

ሰብሳቢው ወሬው ወደሚያምርላቸው ስለዞረ ፊታቸው በራ። «ወንበር ነበር! ግን ይታጠፋል። ይሄም የመሐሉ ይታጠፋል። ሁሉም ሲታጠፍ ሜዳ ነው የሚሆነው፤ ሰው ተጋድሞ ይሄድበታል!»

«እሰይ!» አሉ አዋላጇ። «እንግዲያው አትቸገሩ። የሞተች ቀን ሁሉንም አጣጥፋችሁ፣ አጋድማችሁ፣ ብቻዋን ትወስዷታላችሁ። ዛሬ ቦታ የጠፋው ገና መቀመጥ ስለምትችል ነው።»

ሬዲዮኑ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ የተሰማው የፕላስቲክ ወንበር ሲወርድ ብቻ ነው።