ለቀስተኛ አስከትሎ የገባ ሯጭ

ልጅ የሚመክር አባት ምክሩን ከመጀመሩ በፊት ጉልበቱን ቢያስመረምር ይሻለዋል። የሚመክረው አፍ ቢሆንም የሚጠየቀው ጉልበት ነው። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም… ይህችን ወግ የምጽፍላችሁ አንድ እግሬን በርጩማ ላይ ሰቅዬ ነው።

እኔ ከአራተኛ ክፍል ወዲያ ያለውን ትምህርት ራሴን ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ወፍጮ ቤት አለኝ። የዙሪያው የቀወት ወረዳ ገበሬ ማሽላውን ሲያስፈጭ እኔ ሞተሩ አጠገብ ተቀምጬ የልጆቼን የትምህርት መጻሕፍት አነባለሁ። ፊዚክስን ያወቅኩት ዱቄቱን በእጅጌዬ እየጠረግኩ ነው። እንዲህ የተማረ ሰው ግን አንድ ክፉ አመል ያወጣል። የፈለገ ሰው ሁሉ ይችላል ብሎ ያምናል። ያልቻለውን ሁሉ ሰነፍ ይለዋል።

ትልቋ ልጄ መቅደስ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ወደቀች። ውጤቷን ሳየው በመጀመሪያው ቀን የተፈተነቻቸው ትምህርቶች ደህና ናቸው። የሁለተኛው ቀን ግን ቁልቁል ነው። በሁለተኛው ቀን ጭንቅላቴ እምቢ አለኝ አለች። እኔም በሁለተኛው ቀን የሚደክመው ሰነፍ ብቻ ነው አልኳት። አንዴ ብዬ ብተወው ደግ ነበር። ከመስከረም እስከ ኅዳር በየገበታው ላይ እንደ ሚጥሚጣ ነሰነስኩት። በመጨረሻ ልጅቱ ዳግመኛ አልፈተንም፣ ደብረ ብርሃን አክስቴ ዘንድ ሄጄ ጸጉር ቤቷ ውስጥ እሠራለሁ ብላ ቁጭ አለች። ጸጉር መሥራት ነውር ነው አላልኩም። ነገር ግን መቅደስ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የምትመኘው ሐኪም መሆን ነው። የምትሄደው ጸጉር ወዳ ሳይሆን እኔን ሸሽታ መሆኑን ደግሞ ለማወቅ ፊዚክስ አያስፈልግም።

በዚህ መሐል ሩጫ መጣ። ሐኪም የደም ግፊቴን አይቶ ፊቱን ካጠቆረብኝ ወዲህ ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ሳይነሳ፣ በአስፋልቱ ዳር መሮጥ ለምጃለሁ። በዚያ ሰሞን ሁለት ግማሽ ማራቶኖች ታወጁ። አንዱ ቅዳሜ በከተማው አስፋልት፣ ሌላው እሑድ ከከተማ ወጥቶ በገጠሩ አቧራ መንገድ። አዘጋጆቹ የተለያዩ ናቸው። ተጠያይቀው ቢሆን ኖሮ የእኔ ጉልበት ዛሬ ሌላ ታሪክ ይኖረው ነበር። እኔ ለቅዳሜው ልመዘገብ ነው ስል መቅደስ ቀና ብላ አየችኝ።

"ሁለቱንም ሩጥ" አለች። "በእግርህ ከጨረስክ አንዲት ቃል ሳልናገር ተመዝግቤ እፈተናለሁ። ካልጨረስክ ሰነፍ የሚለው ቃል ከዚህ ቤት ይወጣል፣ እኔም ደብረ ብርሃን እሄዳለሁ።"

እናቷ ከጓዳ ሆና "ኧረ ተይ፣ ሰውየውን ትገድይዋለሽ" አለች። እኔ ግን ተስማማሁ። ሰነፍ አይደለሁማ።

ቅዳሜ እንደ ሰው ሮጥኩ። አንድ ቦታ ላይ ሦስት ወጣቶች ቁጥራቸውን እንደለጠፉ ጥላ ሥር ተቀምጠው ውሃ ሲጠጡ አገኘሁና ቆሜ ስለ ጽናት አጭር ንግግር አደረግኩላቸው። በአክብሮት አዳመጡኝ። ለካ ጨርሰው ወደ ቤታቸው እየሄዱ ነበር። መጨረሻው ላይ ስደርስ ድምፅ ማጉያውን እየነቀሉ ቢሆንም፣ ጨረስኩ። ከሰዓት በኋላ መቅደስ ሞቅ ያለ ውሃ ጨው ጨምራ አመጣችልኝና ደክሞህ ይሆን አለችኝ። ምን ይደክመኛል አልኩ። ከበርጩማው ለመነሳት ግን ጎረቤት ተጠራ።

እሑድ ጠዋት ከአልጋ የወረድኩት እንደ ጆንያ ነው። እግሮቼ የእኔ መሆናቸውን ክደዋል። ባለቤቴ ፀሐዩ እንዳይበላህ ብላ ነጠላዋን ጣል አደረገችብኝ። ልጄ መጨረሻው በሚሆንበት የገጠር ትምህርት ቤት ልትጠብቀኝ ቀድማ ሄደች።

ገና ከከተማው ሳንወጣ ሯጮቹ ከዓይኔ ጠፉ። ቀጥሎ አምቡላንሱ ሁሉም ያለፈ መስሎት አልፎኝ ሄደ። ድልድዩን ስሻገር ዳር ቆሞ ያጨበጭብ የነበረው ሰው ወደ ሥራው ተመልሷል። እንግዲህ እናንተው ፍረዱ። በጠራራ ፀሐይ፣ ሩጫ በሌለበት መንገድ፣ በዕድሜ የገፋ ባለ ወፍጮ ብቻውን እያቃሰተ ይሮጣል። ነጠላው የደረት ቁጥሩን ሸፍኖታል። ጥለቱ ደግሞ ሳላስተውለው ወደ ላይ፣ ወደ ፊቴ ዞሯል። ጥለት ወደ ላይ የሚዞረው መቼ እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም።

መጀመሪያ ያየኝ ሰይድ ነው። ሰይድ ማሽላውን እኔ ዘንድ የሚያስፈጭ የዘመናት ደንበኛዬ ነው። ከአውድማው ላይ "ኢና ሊላሂ" ብሎ መንሹን ጣለና ሮጦ ደረሰብኝ።

"ጋሽ ተፈራ፣ ማን ነው?"

ልመልስለት ብዬ አፌን ብከፍት ትንፋሽ እንጂ ቃል አልወጣ አለኝ። እጄን ወደ ፊት ዘረጋሁ። እዚያ ነው፣ ገና ነው የምሄደው ለማለት ነበር። ሰይድ ግን ሐዘን አፌን እንደዘጋው ተረድቶ ወደ ጎረቤቶቹ ተጣራ። አንዱ ዱላውን፣ አንዷ ነጠላዋን ይዘው ከየአውድማው ወረዱ። ማን እንደሞተ የሚያውቅ የለም፤ ሁሉም ግን አዝኗል። አንዲት እናት ምን ያለ ደግ ሰው ነበር ስትል ሰማኋት።

በዚህ ጊዜ ባጃጅ መጣ። ሰይድ አስቆመው። ሰው በሐዘን ላይ በእግሩ አይሄድም ብለው ግራና ቀኝ ብብቴን ይዘው አነሱኝ።

እውነቱን ልናገር። ያን ጊዜ ትንፋሼ ተመልሶ ነበር። "ሩጫ ላይ ነኝ" ለማለት ሦስት ቃል ይበቃል። አላልኩም። በዕድሜዬ ብዙ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ፤ እንደዚያ ባጃጅ ያለ ወንበር ግን አላየሁም። ነፋስ ይገባል። ሰይድ እጄን ይዞ አላህ ያጽናዎት ይለኛል፣ እኔም አሜን እላለሁ። ሌላ ባጃጅ ሙሉ ለቀስተኛ ከኋላችን ነው፤ የቀሩት በአቋራጭ በማሽላው ማሳ መሐል ይመጣሉ።

ትምህርት ቤቱ አጠገብ ያሉት የማንጎ ዛፎች ዘንድ አውርዱኝ አልኩና በቀረችው መንገድ ሮጥኩ። ለቀስተኛውም ተከተለኝ። ድምፅ ማጉያው የመጨረሻው ሯጫችን ከነደጋፊዎቹ እየገባ ነው ብሎ አወጀ፣ ሕዝቡ አጨበጨበ፣ አንገቴ ላይ ሜዳሊያ ተጠለቀ። መቅደስ እየሮጠች መጣች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

"ጨረስክ" አለችኝ። "እሺ አባዬ፣ እመዘገባለሁ።"

የፈለግኩት ይህንኑ ነበር። ዝም ብል ልጄ ትፈተናለች፣ ደብረ ብርሃንም ይቀራል። አንድ ባጃጅ ማንን ይጎዳል? ይህን ሁሉ አሰብኩ፤ ያሰብኩትን አልደብቃችሁም። ከዚያ ግን ፊቷን አየሁት። ሁለት ወር ሙሉ ሰነፍ ያልኩት ፊት ነው። ሜዳሊያውን አወለቅኩ።

"በባጃጅ ነው የመጣሁት" አልኳት።

"ከየት ጀምሮ?"

"ከድልድዩ ትንሽ ወዲህ።"

"ሰንፈህ ነው?"

"አይደለም። ፈልጌ ነበር፤ አልቻልኩም።"

ትስቅብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አልሳቀችም። ክንዴን ይዛ ወደ ጥላ ወሰደችኝና ጫማዬን ፈታችልኝ።

ሰይድ አጠገባችን ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። ታዲያ የሞተ ሰው የለም ወይ ሲል ጠየቀኝ። የለም አልኩት። ጥቂት አሰበና አልሐምዱሊላህ አለ። ቀጥሎም በሬዎቹን አውድማ ላይ ትቶ መምጣቱን አስታውሶ፣ ሌላ ጊዜ ሰው ሲሞትብኝ በስልክ እንድነግረው አሳሰበኝ። ምን ያለ ደግ ሰው ነበር ያለችው እናት ግን እስከ መጨረሻው ድረስ ቅር እንዳላት ነበረች።

ሜዳሊያውን መለስኩ። ቃሌንም ጠበቅኩ። ሰነፍ የሚለው ቃል ከቤታችን ወጣ፣ የደብረ ብርሃን መሳፈሪያውንም ራሴ ሰጠኋት። ሻንጣዋ በር አጠገብ ሰነበተ። አንድ ቀን ወፍጮ ቤት መጥታ፣ ሞተሩን አስጠፍታ፣ ለፈተናው ተመዝግቤ መምጣቴ ነው አለችኝ። ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም፤ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ አልጠየቅኩም። አንድ ነገር ብቻ አስቀመጠች፦ እስከ ፈተናው ድረስ ገበታ ላይ አንዲት ምክር ከአፌ እንዳትወጣ።

እንግዲህ ይህኛው ሩጫ ረጅም ነው፣ ባጃጅም አያልፍበትም። ልምምድ ጀምሬያለሁ። ትናንት ምሳ ላይ ልጄ ስልኳን እያየች ትበላ ነበር… እስከ ሦስተኛው ጉርሻ ድረስ ዝም አልኩ። ለጀማሪ አይከፋም።