ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

ዕቃ ገዝቶ ከማሠራት ይልቅ ማልበስ የሚወድ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አሶሳ ውስጥ አንድ አውቃለሁ፤ ባሰብኳቸው ቁጥር ደሜ ይፈላል። ጋሽ ይመር ትንሽ የሙዚቃ አዳራሽ ሲከፍቱ የሚገዛውን ዕቃ የዘረዘርኩላቸው እኔ ነኝ። ዘፋኞቹን የሚያጅበው ሙዚቃ የሚለቀቀው ከኮምፒውተር ስለሆነ፣ ለአሶሳ ሙቀት ብዬ ቬንትሌተር ጨመርኩ። እሳቸው ቬንትሌተሩን ሰርዘው ለኮምፒውተሩ ዳንቴል አሠሩለት። ኮምፒውተሩ ሲሠራ እንኳ አይወልቅም።

"አቧራ እንዳይገባበት ነው" አሉኝ።

በዚህ ሙቀት ጋቢ ደርቦ የሚሠራ ማን አለ?

እሑድ ከሰዓት አዳራሹ ሞልቶ፣ ዘፋኟ የበርታ ብሔረሰብ ዘፈን እንደጀመረች ሙዚቃው ቀጥ አለ። ሰው ያፏጭ ጀመር፤ ልጅቷ ማይኩን እንደያዘች አለቀሰች። ሮጬ ኮምፒውተሩን ብነካው እንደ ምድጃ ይፋጃል። በንዴት ዳንቴሉን መንጭቄ አነሳሁት።

ጋሽ ይመር እያለከለኩ ደረሱ።

"ቀስ በል እንጂ አንተ ልጅ፤ ዳንቴሉ ይቀደዳል።"